ከሜዳው አጠገብ ያለው መጠጥ ቤት
(አንድ ኪራይ ሁለት ክለብ እንዴት እንደወለደ)

ነገሩ የተጀመረው እዚሁ ግቢ፣ ዶርማችን ውስጥ ነው። አንድ ቅዳሜ የሊቨርፑልንና የኤቨርተንን ጨዋታ ዲኤስቲቪ ቤት አይተን ስንመለስ፣ ከእኔ በላይ ያለው አልጋ ላይ የሚተኛው ልጅ (የሊቨርፑል ነገር ሲነሳ ምግብ የማይበላ ደጋፊ ነው) «ኤቨርተን እኮ ከሊቨርፑል ተገንጥሎ የወጣ ክለብ ነው» ብሎ ጀመረ። እኔ ደግሞ የሆነ ቦታ ያነበብኩት ትዝ አለኝና «ተገላቢጦሽ ነው፤ አንፊልድ ራሱ የኤቨርተን ሜዳ ነበር» አልኩት። ዶርሙ በሙሉ ሳቀብኝ። ክርክሩ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ በሻይና በብስኩት ተወራርደን ተኛን።

ውርርዱን እንዳሸነፍኩ ቀድሜ ልንገራችሁ። የእኔ ጽሑፍ ግን ስለ ውርርዱ አይደለም። መልሱን ፍለጋ ስገባ ነገሩ እየጎተተ ወስዶ አንድ መጠጥ ቤት በር ላይ አቆመኝ። ቤቱ «ሳንደን» ይባላል። የሁለቱ ክለቦች ታሪክ በዚህ ቤት በኩል ካልታየ አይገባም። ታሪኩ ደግሞ እኛ ማኔጅመንት ተማሪዎች ክፍል ውስጥ «የጥቅም ግጭት» እያልን ለፈተና የምንሸመድደውን ነገር ሥጋ አልብሶ ያሳያል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሸከመው የኖርኩትን አንድ ቂም እንደገና እንዳየው አደረገኝ። ወደዚያ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምህረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ቤቱና አካባቢው

ሊቨርፑል በእንግሊዝ ሰሜን ምዕራብ ያለች የወደብ ከተማ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መርከቡም፣ ጭነቱም፣ ሠራተኛውም ወደዚያ ይጎርፍ ነበር። ከከተማዋ መሀል ወጣ ብሎ ኤቨርተንና አንፊልድ የሚባሉ ሰፈሮች አሉ። በአቅራቢያቸውም ስታንሊ ፓርክ የሚባል ሰፊ መናፈሻ ይገኛል። ሳንደን ሆቴል ከዚህ መናፈሻ ብዙም ሳይርቅ፣ ዛሬ አንፊልድ ስታዲየም ካለበት ቦታ አፍንጫ ሥር ነው። ሆቴል ይባል እንጂ በዘመኑ ልማድ ፎቅ ላይ ክፍሎች፣ ምድር ላይ ደግሞ ቢራ የሚቀዳበት ባንኮኒ ያለው መጠጥ ቤት ነው።

እዚህ ላይ «ኳስና መጠጥ ቤት ምን አገናኛቸው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው። በዚያን ጊዜ ሜዳ ማለት ሜዳ ብቻ ነው። ውሃ የለም፣ ልብስ መቀየሪያ የለም፣ ዝናብ ሲመጣ መጠለያ የለም። ኮሚቴው ተሰብስቦ ቡድን የሚመርጥበት ጠረጴዛ እንኳ የለም። መጠጥ ቤቱ ግን ይህ ሁሉ አለው። ክፍል አለው፣ ውሃ አለው፣ ወንበር አለው፣ እንግዳ ቡድን ሲመጣ የሚያርፍበት ቦታ አለው። ባለቤቱም ክፍሉን ሲሰጥ በነፃ የሚሰጥ አይምሰላችሁ። የእንግሊዝ ሠራተኛ በዚያን ዘመን ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ሠርቶ ይለቀቅ ነበር። ከሰዓት በኋላ ኳስ ያያል። ኳስ ያየ ሰው ደግሞ ይጠማዋል። እንግዲህ ሜዳው ሰው ይሰበስባል፣ መጠጥ ቤቱ የተሰበሰበውን ያጠጣል።

ይህ የሳንደን ብቻ ታሪክ አይደለም። ቼልሲ በ1905 የተመሠረተው ከስታምፎርድ ብሪጅ ፊት ለፊት ባለ መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ በተደረገ ስብሰባ ነው። ማንችስተር ዩናይትድንም በ1902 ከኪሳራ ያወጣው ጆን ሄንሪ ዴቪስ የሚባል የቢራ ፋብሪካ ባለቤት ነው። ሳንደንን ለየት የሚያደርገው ግን መጠጥ ቤቱ፣ ሜዳውና ክለቡ በአንድ ሰው እጅ መግባታቸው ነው።

ከጸሎት ቤት ወደ መጠጥ ቤት

የሚገርመው የዚህ ታሪክ መጀመሪያ ከመጠጥ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በ1878 ሴንት ዶሚንጎ የሚባል የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ቡድን አቋቋሙ። ሜቶዲስቶች ደግሞ መጠጥን አጥብቀው ከሚቃወሙት ወገን ናቸው። ከዓመት በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ አባል ያልሆኑ ልጆች መጫወት ስለፈለጉ፣ በ1879 የቡድኑ ስም በሰፈሩ ስም «ኤቨርተን» ተባለ። ይህ ስም የወጣበት ስብሰባ የት የተደረገ ይመስላችኋል? ኩዊንስ ሄድ በሚባል መጠጥ ቤት! ከመጠጥ የሸሸው ቡድን ገና በአንድ ዓመቱ መጠጥ ቤት ገባ ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ ኤቨርተን የሚጫወተው ስታንሊ ፓርክ ውስጥ ነው። መናፈሻ ስለሆነ ሰው ሁሉ በነፃ ገብቶ ያያል። በነፃ የሚታይ ጨዋታ ደግሞ ገቢ የለውም። ስለዚህ አጥር ያለው ሜዳ መፈለግ ግድ ሆነ። በ1883 ፕራዮሪ ሮድ ላይ አንድ ሰው ሜዳውን ሰጣቸው። ግን የተመልካቹ ጩኸት ሰላም ነስቶት ከአንድ ዓመት በኋላ «በቃችሁ፣ ሌላ ፈልጉ» አላቸው። ያኔ ነው ጆን ሆልዲንግ ብቅ ያለው።

ሆልዲንግ በ1833 የተወለደ የሊቨርፑል ሰው ነው። ከዝቅተኛ ኑሮ ተነስቶ የራሱን የቢራ ፋብሪካ እስከ ማቋቋም ደረሰ። ሳንደን ሆቴል የእሱ ነው። በፖለቲካው የወግ አጥባቂው ፓርቲ ሰው ሲሆን የከተማው ምክር ቤት አባልም ነበር። በሰፈሩ ያለው ተሰሚነት ከፍ ያለ ስለነበር «የኤቨርተኑ ንጉሥ ጆን» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። ሆልዲንግ በ1884 ኦረል ከሚባል ሌላ ቢራ ጠማቂ ጋር ተነጋግሮ አንፊልድ ሮድ ላይ ያለውን ባዶ መሬት ለኤቨርተን በኪራይ አስገኘ። በሴፕቴምበር 1884 ኤቨርተን በአዲሱ ሜዳ የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገና ኧርልስታውን የሚባለውን ቡድን 5 ለ 0 አሸነፈ።

ስለዚህ ለዶርሜ ልጅ የነገርኩት እውነት ነው። አንፊልድ ላይ የመጀመሪያውን ጎል ያገባው ኤቨርተን ነው። ተጫዋቾቹም ልብሳቸውን የሚቀይሩት ሳንደን ውስጥ ነበር። ማሊያቸውን ለብሰው ከመጠጥ ቤቱ ይወጡና በተመልካቹ መሀል አልፈው ሜዳ ይገባሉ። ጨዋታው ሲያልቅ ወደዚያው ይመለሳሉ። የክለቡ ስብሰባም እዚያው ነው። ሳንደን በአጭሩ የክለቡ ጽሕፈት ቤት ሆነ።

ሦስት ኪስ ያለው ሰው

ነገሩ የተወሳሰበው በ1885 ነው። ሆልዲንግ ክለቡ የሚጫወትበትን መሬት ከኦረል ገዛው። ይህን በሁለት ዓይን ማየት ይቻላል። በአንድ በኩል ውለታ ነው። መሬቱ ለሌላ ሰው ተሽጦ ቤት ቢሠራበት ኤቨርተን እንደገና ሜዳ ፈላጊ ይሆን ነበር። በሌላ በኩል ግን የክለቡ ፕሬዚዳንት የክለቡ አከራይ ሆነ ማለት ነው።

እስኪ እንደ ሒሳብ ተማሪ ቁጭ ብለን እናስላው። አንድ ቅዳሜ ብዙ ሰው ወደ አንፊልድ ሲመጣ ሆልዲንግ በስንት መንገድ ያገኛል?

አንደኛ፣ በኪራይ። በመጀመሪያ በዓመት 100 ፓውንድ ነበር። ክለቡ እያደገ ሲሄድ ኪራዩም እያደገ ሄደና በጥቂት ዓመታት ውስጥ 250 ፓውንድ ገደማ ደረሰ።

ሁለተኛ፣ በወለድ። ሜዳው ለክለቡ እንዲመች ሆልዲንግ ገንዘብ አበድሯል፣ ያበደረውም ወለድ ነበረው።

ሦስተኛ፣ በቢራ። በሜዳው ላይ መጠጥና ምግብ የመሸጥ መብት የእሱ ብቻ ነው። ከጨዋታ በፊትና በኋላ ሰው የሚያመራውም ወደ ሳንደን ነው። ሳንደን ውስጥ የሚቀዳው ቢራም ከሌላ ቦታ የመጣ አይደለም።

በዚህ መሀል ኳሱ ራሱ ተለወጠ። በ1885 ለተጫዋች ደመወዝ መክፈል በእንግሊዝ ሕጋዊ ሆነ። በ1888 ደግሞ በዓለም የመጀመሪያው ሊግ በ12 ክለቦች ተቋቋመ። ኤቨርተን ከ12ቱ አንዱ ነው። በ1891 ኤቨርተን አንፊልድ ላይ እየተጫወተ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በፊት መናፈሻ ውስጥ በነፃ ይታይ የነበረ የጸሎት ቤት ቡድን አሁን ደመወዝ የሚከፍል፣ ትኬት የሚሸጥ፣ ትርፍ የሚያስገባ ድርጅት ሆነ። ትርፍ ሲመጣ ደግሞ «ትርፉ የማን ነው?» የሚል ጥያቄ አብሮ ይመጣል። ባዶ ድስት ማንንም አያጣላም፤ ድስቱ ሲሞላ ነው ጭልፋው የማን እንደሆነ የሚጠየቀው።

ጠቡ

ከኮሚቴው አባላት መሀል ጆርጅ ማሆን የሚባል ሰው ነበር። ሙያው ሒሳብ ነው፤ እሁድ እሁድ ደግሞ በዚያው በሴንት ዶሚንጎ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይጫወታል። በፖለቲካ ሊበራል ነው፣ ከመጠጥ ተቃዋሚዎችም ወገን ነው። ከሆልዲንግ ጋር የሚያመሳስለው ነገር ቢኖር ኤቨርተንን መውደዱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

በ1891 ከሜዳው አጠገብ ያለውን ሌላውን መሬት የያዘው ኦረል መንገድ አወጣለሁ አለ። መንገዱ ከወጣ ክለቡ የሠራው የተመልካች መቀመጫ ሊነካ ነው። የሆልዲንግ መፍትሔ፣ ክለቡ አክሲዮን ማህበር ሆኖ የእሱንም የኦረልንም መሬት ይግዛ የሚል ነበር። ዋጋው ከ9,000 ፓውንድ በላይ ነው። አባላቱ ይህን ሲሰሙ ጥያቄ አነሱ። ዋጋውን የሚተምነው ማነው? ሻጩ ማነው? ገዢውን ወክሎ የሚደራደረውስ? ለመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልሱ አንድ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አንድ ሰው በጠረጴዛው በዚህኛው ወገን «ፕሬዚዳንት» ሆኖ ይቀመጣል። ዞር ብሎ በዚያኛው ወገን «የመሬቱ ባለቤት» ሆኖ ይቀመጣል። ጠረጴዛው ራሱ ደግሞ የእሱ መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። ሰውየው መልአክ ቢሆን እንኳ የሚያምነው ይኖራል?

በጃንዋሪ 1892 በተደረገው የአባላት ስብሰባ ነገሩ ፈነዳ። ማሆን ሌላ ሜዳ እንፈልግ ሲል አንዱ «ከየት ታመጣለህ?» ብሎ አፋጠጠው፤ እሱም ሜዳው ኪሱ ውስጥ እንዳለ መለሰ እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገራል። ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ማሆን ከስታንሊ ፓርክ ማዶ ላለ መሬት አስቀድሞ ስምምነት ይዞ ነበር። ያ መሬት በኋላ ጉዲሰን ፓርክ የተባለው ነው።

ሆልዲንግም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በዚያው ወር በኤቨርተን ስም ኩባንያ አስመዘገበ። ሐሳቡ ግልጽ ነው። መሬቱ የእኔ ነው፣ ስሙንም ከያዝኩ ክለቡ የእኔ ነው። ግን የእግር ኳስ ባለሥልጣናቱ አልተቀበሉትም። «ኤቨርተን» የሚለው ስም የአባላቱ እንጂ የሜዳው ባለቤት እንዳልሆነ ተወሰነ። አብላጫው አባል ከማሆን ጋር ስታንሊ ፓርክን አቋርጦ ሄደ።

ማን ምን ይዞ ወጣ?

ውጤቱን ስናየው የፍቺ ክፍፍል ይመስላል። ኤቨርተኖች ስማቸውን፣ ተጫዋቾቻቸውንና በሊጉ ውስጥ ያላቸውን ቦታ ይዘው ወጡ። ሆልዲንግ ሜዳውን፣ መቀመጫዎቹንና ሳንደንን ይዞ ቀረ፤ የሚጫወት ቡድን ግን የለውም። ቢራ አለ፣ ጠጪ የለም።

የኤቨርተኖቹም መንገድ ቀላል አልነበረም። አዲሱ መሬት ሜዳ ለመሆን ብዙ ሥራ ይቀረው ነበር። ከኮሚቴው ጋር የነበረው ዶክተር ጄምስ ባክስተር 1,000 ፓውንድ ያለወለድ አበደራቸው። ያለወለድ የሚለው ላይ አስምሩበት፤ ከቀድሞው ብድር ጋር ሲወዳደር መልእክቱ ግልጽ ነው። ጉዲሰን ፓርክ ኦገስት 24 ቀን 1892 ተከፈተ።

ሆልዲንግ በበኩሉ ማርች 15 ቀን 1892 አንፊልድ ሮድ ላይ ባለው መኖሪያ ቤቱ ከእሱ ጋር የቀሩትን ጥቂት ሰዎች ሰብስቦ አዲስ ክለብ አቋቋመ። የኤቨርተን ስም ስለተከለከለ ክለቡ በከተማው ስም «ሊቨርፑል» ተባለ። ቡድኑን የማሰባሰቡን ሥራ የያዘው የአየርላንድ ተወላጁ ጆን ማኬና ነው። ተጫዋቾቹን በብዛት ከስኮትላንድ ስላመጣ ስማቸው አብዛኛው በ«ማክ» የሚጀምር ሆነና «የማኮች ቡድን» የሚል ስም አተረፉ። ሊቨርፑል ሴፕቴምበር 1 ቀን 1892 አንፊልድ ላይ ሮዘራም ታውንን 7 ለ 1 አሸነፈ። በዚያን ቀን ሜዳው የተመለከተው ሕዝብ ግን እጅግ ጥቂት ነበር። ማሊያቸውም ቀይ አልነበረም፤ ሰማያዊና ነጭ ነበር። ቀዩ የመጣው በ1896 ነው። (ይህን ለዶርሜ ልጅ ስነግረው ነው ብስኩቱን አውጥቶ የከፈለኝ።)

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ሊቨርፑል በ1893 ሊጉን ተቀላቀለ፤ በ1901 ሻምፒዮን ሆነ። ሁለቱ ክለቦች በሊግ የመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙት በኦክቶበር 1894 ጉዲሰን ላይ ሲሆን ኤቨርተን 3 ለ 0 አሸነፈ። ሆልዲንግ በ1897 የሊቨርፑል ከተማ ከንቲባ ሆነ፤ በ1902 ፈረንሳይ አገር ኒስ ውስጥ አረፈ። ሲቀበር ሬሳ ሳጥኑን የተሸከሙት የሁለቱም ክለቦች ተጫዋቾች ነበሩ። በአሥር ዓመት ውስጥ ጠላት የተባለው ሰው የሁለቱም አባት ሆኖ ተቀበረ ማለት ነው።

መጠጥ ነው ወይስ ገንዘብ?

የታሪክ ሰዎች በዚህ ጠብ ምክንያት ላይ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ ጠቡ የኪራይና የመሬት ዋጋ ጉዳይ ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ገንዘቡ ሰበብ ነው፤ ሥሩ መጠጥን የሚቃወሙት ሊበራሎች ከወግ አጥባቂው ቢራ ጠማቂ ጋር የነበራቸው የፖለቲካና የእምነት ቅራኔ ነው ባዮች ናቸው።

እኔ ሁለቱንም አንብቤ የደረስኩበትን ልናገር። መጠጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ እነ ማሆን ሰባት ዓመት ሙሉ ሳንደን ውስጥ ስብሰባ ሲያደርጉና ተጫዋቾቻቸው እዚያው ልብስ ሲቀይሩ ዝም አይሉም ነበር። ገንዘብ ብቻ ቢሆን ደግሞ በድርድር ሊያልቅ ይችል ነበር። ኪራይ ተጨመረ፣ ኪራይ ተቀነሰ፣ በዚህ ሰው ተካሶ ይታረቃል። የማይታረቀው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ሰውየው የሚያገኘው ጥቅም ከየት ከየት እንደሚመጣ ለአባላቱ ግልጽ አልነበረም። ያልታየ ሒሳብ ደግሞ ሰው በራሱ ጥርጣሬ ይሞላዋል። ሊበራሉ በፖለቲካ ይሞላዋል፣ ሜቶዲስቱ በኃጢአት ይሞላዋል፣ ሒሳብ ሠራተኛው በቁጥር ይሞላዋል።

መምህራችን አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ ያለንን አሁን ነው የገባኝ፤ የጥቅም ግጭት ማለት ሌብነት ማለት አይደለም። የጥቅም ግጭት አንድ ሰው የተቀመጠበት ቦታ ስም እንጂ የሠራው ወንጀል ስም አይደለም። ሆልዲንግ ሰረቀ የሚል መረጃ አላገኘሁም። እንዲያውም እሱ ባይኖር ኤቨርተን አንፊልድን አያገኝም፣ በ1891 ሻምፒዮን ለመሆን መብቃቱም ያጠራጥራል። ችግሩ ክፍሉን ሰጪ፣ መሬት አከራይ፣ ገንዘብ አበዳሪ፣ ቢራ ሻጭና ሊቀመንበር አንድ ሰው መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጥሩ ቢሠራም ይጠረጠራል፣ መጥፎ ቢሠራም የሚያርመው የለም።

ይህ የእንግሊዝ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። በእኛም አገር ቢራና ኳስ ሩቅ አይደሉም። ሐረር ቢራና ሜታ አቦ ቢራ በፋብሪካቸው ስም በፕሪሚየር ሊጉ የተጫወቱ ቡድኖች ነበሯቸው። ፋብሪካው ሲያስብበት ቡድኑ አለ፤ ፋብሪካው ሲተወው ቡድኑ የት ይሄዳል? የሳንደን ጥያቄ ይኸው ነው።

የእኛ ሰፈር ሳንደን

አሁን ወደ ቂሜ ልመለስ። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የሰፈራችን ቡድን ጸሐፊ ነበርኩ። ሜዳችን ከአንድ ግሮሰሪ አጠገብ ነው። ባለግሮሰሪው ጋሼ ማሊያ ገዙልን፣ ኳስ ገዙልን፣ ጓዳቸውን ልብስ መቀየሪያ አድርገው ሰጡን። ሊቀመንበርም ገንዘብ ያዥም እሳቸው ነበሩ፤ ሌላ ማን ይሁን? እሁድ እሁድ ሜዳው ይሞላል፣ ግሮሰሪውም ይሞላል። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር።

አንድ ክረምት ከከተማው ማዶ ለሚደረግ ውድድር ተጋበዝን። እሳቸው «አይሆንም፣ እዚሁ ተጫወቱ» አሉ። እኛ ግማሾቻችን እንሄዳለን አልን። በማግስቱ ጓዳው ተቆለፈ፤ ኳሱም ማሊያውም ውስጥ ነው። ያኔ እኔ በገዛ እጄ ጽሑፍ ለቀበሌ ማመልከቻ ጻፍኩ። «የሕዝብ ገንዘብ የሚበላ ሌባ» የሚል ቃል አለበት። ምን ያህል እንደበሉ አላውቅም ነበር፤ መብላታቸውንም አላውቅም። መዝገብ ስላልነበረ በጥርጣሬ ሞላሁት። ቡድኑ ለሁለት ተከፈለ። እንደ ሊቨርፑልና እንደ ኤቨርተን ግን አልሆንንም። ሁለቱም ግማሾች በዓመቱ ፈረሱ።

ይህን ጽሑፍ ማዘጋጀት ከጀመርኩ በኋላ ለበዓል አገር ቤት ገብቼ ነበር። ግሮሰሪው አለ፤ ሜዳው ግማሹ ቤት ተሠርቶበታል። ገብቼ «ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ?» አልኳቸው። ወዲያው አወቁኝ። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸውና ይቅርታ ጠየቅሁ። «እጅ ጽሑፍህን መች አጣሁት» አሉኝ። ለስላሳ ከፈቱልኝና ያኔ ያልጠየቅናቸውን ነገሩኝ። የማሊያውን ገንዘብ የከፈሉት በዱቤ ነበር፤ ዱቤውን የሚመልሱት በእሁድ ገበያ ነው። እሁድ ማዶ ከሄድን ዱቤው ሊከፈል አይችልም። «ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» አልኳቸው። «ልጆች ፊት ዕዳ አለብኝ ይባላል እንዴ?» አሉ። ስወጣ «ኳሷ እኮ አሁንም ጓዳ አለች፤ ተንፍሳ ነው እንጂ» አሉኝ።

በእኔ እምነት እሳቸውም ተሳስተዋል፣ እኛም ተሳስተናል። እሳቸው ሒሳቡን ደበቁ፤ እኛ ሒሳብ ሳንጠይቅ ፈረድን። አንድ ደብተርና ከእሳቸው ሌላ አንድ ገንዘብ ያዥ ቢኖር ኖሮ ያ ቡድን ምናልባት ዛሬም ይጫወት ነበር።

ሲጠቃለል

የሳንደን ሰፈር ዛሬም ኳስ አልተለየውም። በ1906 ከጎኑ ታዋቂው የኮፕ ተመልካች ቦታ ተሠራ። በአቅራቢያውም በሆልዲንግ ስም የተሰየመ መንገድ አለ። በእንግሊዝ በ1985 በወጣ ሕግ ሜዳው እየታየ መጠጥ መጠጣት ስለተከለከለ፣ ተመልካቹ ከጨዋታ በፊትና በኋላ አጠገብ ያለውን መጠጥ ቤት መፈለጉ አልቀረም። የኤቨርተን ወንዶች ቡድን ደግሞ በሜይ 2025 ጉዲሰን ፓርክን ተሰናብቶ በወደቡ ዳር ወደተሠራ አዲስ ስታዲየም ገባ። በአዲሱ ቤት የመጀመሪያውን የሊግ ጨዋታ ያደረገው ኦገስት 24 ነው፤ ጉዲሰን በ1892 የተከፈተበት ቀን!

እኛም ነገ ከዚህ ግቢ ስንወጣ አንዳችን ዕድር፣ አንዳችን ቁጠባ ማህበር፣ አንዳችን የሰፈር ቡድን ውስጥ መግባታችን አይቀርም። ያኔ ገንዘቡንም፣ ቤቱንም፣ ማህተሙንም የያዘ አንድ ደግ ሰው ስታገኙ «ሌባ ነው» ብላችሁ አትነሱ፤ «ደግ ነው» ብላችሁም አትተኙ። ደብተሩን በጊዜ ጠይቁ። መጠየቅ ስድብ አይደለም። እንዲያውም ደጉን ሰው ከጥርጣሬ የሚያድነው እሱ ነው።

ሻይውን ግን ገና አልተከፈለኝም። ቸር ይግጠመን።